የክራር አቃኛኘት

የክራር አቃኛኘት የክራርን ክሮች በማጥበቅና በማላላት ከሚዘፈነው ዘፈን ቅኝት ጋር የማስማማት ሥራ ነው። ቆዳውን፣ በርኩማውንና ቀንበሩን ማስተካከልም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ጊታርና ቤዝ ጊታር አንድ ጊዜ ከተቃኙ ለማንኛውም ዘፈን ያገለግላሉ፤ ክራር ግን ብዙውን ጊዜ ቅኝት በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይቃኛል። ስለዚህ መሣሪያውን ራሱ መቃኘት የማይችል ተጫዋች፣ ጣቶቹ የቱንም ያህል ቢፈጥኑ፣ ሌላ ሰው በቃኘለት አንድ ቅኝት ታስሮ ይቀራል።

ቅኝቶቹና ወሎ

ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁሉም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከሀብሩ በስተደቡብ ያለ የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው፤ ከወልዲያ ተነስቶ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የሀብሩን ምድር እንደጨረሰ አምባሰልን ይረግጣል፣ ውጫሌንና ሐይቅንም በዚሁ መንገድ ላይ ያገኛል። ትዝታና አንቺ ሆዬ የቦታ ስም ባይሆኑም አራቱም አብዛኛውን ጊዜ ከወሎ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ። ይህ ማለት ግን ሌላው አገር አይዘፍንባቸውም ማለት አይደለም፤ ጎጃምም ጎንደርም ሸዋም ይዘፍንባቸዋል። የባቲንና የአምባሰልን ዜማ በመላ አገሪቱ ካሳወቁት ድምፃውያን መካከል የወሎዋ ማሪቱ ለገሰ በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች።

የመሣሪያው ክፍሎች

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት። ከታች ከእንጨት የተቦረቦረ ገበቴ አለ፤ በአሁኑ ጊዜ ከብረት ሳህን የሚሠራም አለ። በገበቴው አፍ ላይ ቆዳ ይወጠራል። ከገበቴው ሁለት ቋሚዎች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጫፋቸውንም ቀንበሩ ያገናኛቸዋል። ክሮቹ ከገበቴው ግርጌ ተነስተው በቆዳው ላይ በተቀመጠው በርኩማ ላይ ያልፉና ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ክሮቹ ቀድሞ ከጅማት ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም ሽቦ የተለመደ ነው።

ቆዳ፣ በርኩማና ቀንበር

ክራር አልቃኝ ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የክሩ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ በርኩማው አብሮት ዝቅ ይላል፤ ክሮቹም ይወርዳሉ። ሙቀትና ደረቅ አየር ደግሞ ቆዳውን ስለሚወጥሩት ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። በወልዲያ ብርድ በማለዳ የተቃኘ ክራር ከወልዲያ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሞቃታማዋ መርሳ ከሰዓት በኋላ ሲመታ ከቅኝቱ ወጥቶ ቢገኝ አያስገርምም። መሣሪያውን ከሽፋኑ አውጥቶ የቦታውን አየር እስኪለምድ ጥቂት ማቆየትና ከዚያ በኋላ መቃኘት ድካም ይቀንሳል።

በርኩማው በገበቴው መካከል ግድም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካዘነበለ ክሮቹ እኩል አይጫኑትም፣ አንዱ ጎልቶ ሌላው ታፍኖ ይሰማል። ክር ቆዳውን ወይም የበርኩማውን ጠርዝ ሲነካ ይነዝራል። ይህ መንዘር በክራር ላይ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ሲሆን በበገና ላይ ግን ሆን ተብሎ የሚፈጠር ነው። በገና ደርዳሪ በክሩና በበርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አስገብቶ ያንን የሚታወቀውን የንብ ዝማሬ የመሰለ ድምፅ ያወጣል።

በቀድሞው አሠራር ክሩ ቀንበሩ ላይ የሚጠመጠመው በጨርቅ ቁራጭ ላይ ነው። ጨርቁ ከክሩ ጋር በእጅ ሲዞር ክሩ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ጨርቁ ካረጀ ወይም ስስ ከሆነ ክሩ እየተንሸራተተ ቅኝቱን አይጠብቅም፤ መፍትሔው ጨርቁን መቀየር ነው። የእንጨት መቃኛ ወይም የጊታር ቁልፍ የተገጠመላቸው ክራሮች ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው። አዲስ ናይለን ክር ስለሚለጠጥ እስኪረጋ ድረስ ደጋግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

አቃኛኘቱ

ክራር የተወሰነ የመነሻ ድምፅ የለውም፤ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። መጀመሪያ ዘፋኙ የሚመቸው የቅኝቱ መነሻ ይያዛል። ከታች ለማስረዳት ያህል መነሻው ዶ ተብሏል። ክራሩ ባለ ስድስት ክር ከሆነ ስድስተኛው ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የአንዱን ድምፅ በስምንተኛው ይደግማል። ቀጥሎ ሶል ይቃኛል። ዶና ሶል ሲስማሙ ለጆሮ በቀላሉ ስለሚለዩ የቀሩት ክሮች በእነሱ መካከል ይደላደላሉ።

በትዝታ ሜጀር ክሮቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ። ሚና ላ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ሲላሉ ትዝታ ማይነር ይገኛል። ጀማሪ ይህችን አንዲት ለውጥ በጆሮው እስኪለያት ደጋግሞ ቢለማመድ ከብዙ ትምህርት ይበልጥበታል።

ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል ለመሄድ ሬ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ የወረደው ሚ ደግሞ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ፋ ይሆናል። አምባሰል እንግዲህ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ከዚያ ሶል በግማሽ ድምፅ ሲወርድና ላ ፍላት በግማሽ ድምፅ ሲወጣ አንቺ ሆዬ ይመጣል። በአንቺ ሆዬ ዶና ሶል የነበራቸው ስምምነት ይፈርሳል፤ ቅኝቱ ለጀማሪ የሚከብደውም ጆሮው የሚደገፍበት ይህ ምሰሶ ስለሚጠፋበት ነው።

ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ከትዝታ ሜጀር ተነስቶ ወደዚህ ለመድረስ ሦስት ክሮች ይጠብቃሉ፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ። ክሮቹ ቀድሞውኑ ተወጥረው ከነበር የሚበጠሱት እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ መነሻውን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ክርን ያድናል።

ክር ሳይነካ ቅኝት የሚለወጥበት መንገድም አለ። በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ላን ቤቱ አድርጎ ሲመታ ባቲ ማይነር ይሰጣል፤ በትዝታ ማይነር የተቃኘውም ከሶል ሲነሳ የአምባሰልን ርቀቶች ይዞ ይገኛል። ችግሩ መነሻው ሲዛወር ዘፋኙም አብሮ መዛወር አለበት፤ ጉሮሮው ካልፈቀደ እንደገና መቃኘት ግድ ይሆናል። ይህን ሽሽት ለየቅኝቱ የተዘጋጀ ሁለትና ሦስት ክራር ይዘው መድረክ የሚወጡ ተጫዋቾች አሉ።

አመታቱም በአቃኛኘቱ ላይ ተጽዕኖ አለው። በመግረፊያ ሲገረፍ የአንዱ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ፣ የተለቀቁት ብቻ ይሰማሉ። ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመቱ ትንሽ የተዛባ ክር ወዲያው ያጋልጣል። በጣት ሲደረደር ግን ጥቃቅን ስህተት ሊሸፈን ይችላል። ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና እ.ኤ.አ. በ2011 ያረፈችው አስናቀች ወርቁ በክራር ራሳቸውን አጅበው በመዝፈን የታወቁ ናቸው፤ የአስናቀች ሥራዎች የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 16ኛ ክፍል ሆነው ታትመዋል።

ቤዝ ክራር

በባህል ባንዶች ውስጥ የቤዝ ጊታርን ቦታ የሚሸፍን፣ ገበቴው ተለቅ ያለና ክሮቹ የወፈሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤዝ ክራር አለ። ቤዝ ጊታር አራት ክሮቹ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ሆነው ይቃኛሉ፤ አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች የቀሩትን ድምፆች ሁሉ ያስገኛሉ። ቤዝ ክራር ግን እንደ ታናሹ ክራር ያለው የተቃኘው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ባንዱ ወደ ሌላ ቅኝት ሲሻገር ሁለቱም አብረው መቃኘት አለባቸው፤ ቤዙ ከተዛባ የላይኛው ክራር የቱንም ያህል ቢስተካከል ዘፈኑ ይንጋደዳል። በሚሰማ ርቀት ላይ ቤዝ ክራሩ ቀድሞ ተቃኝቶ ሌላው በእሱ ላይ ቢደላደል ይቀላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራር ከአገር ውጭም ይደመጣል፤ ለንደን ውስጥ በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2012 አልበም አውጥቷል። አሁን ብዙ ተማሪዎች በስልክ መቃኛ ይጠቀማሉ። መቃኛው አሥራ ሁለቱን የፒያኖ ድምፆች እንጂ ቅኝትን አያውቅም። የአምባሰልን ሁለተኛ ክር ወይም የአንቺ ሆዬን አራተኛ ክር ነባር ተጫዋቾች ከፒያኖው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ፤ ስለዚህ መነሻውን በስልክ ይዞ የቀሩትን በጆሮ ማስተካከል የተሻለ ነው።