ሳማና የጓዳው ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ መብል ሲያወሩ ግብር ይወዳሉ። ስንት ሰንጋ ተጣለ፣ ስንት ጋን ጠጅ ተቀዳ፣ ማን ከማን በላይ ተቀመጠ፣ ብርንዶው መጀመሪያ ለማን ቀረበ፤ ይሄ ሁሉ ተጽፏል። በዚያው ቀን፣ ከአዳራሹ ማዶ ባለው ደጋ፣ ጭስ ባጠቆረው ጎጆ ውስጥ ምን ተበላ ብለን ስንጠይቅ ግን መልስ የሚሰጠን ዜና መዋዕል እምብዛም ነው። ጓዳው ጸሐፊ አልነበረውማ! ሳይጻፍ ከቀረው የጓዳ ታሪክ ውስጥ አንዱ የሳማ ወጥ ነው።

በደጋ ያደገ ሰው ሳማን በምላሱ ሳይሆን በቆዳው ነው ቀድሞ የሚያውቀው። ወይ አጥር ሲዘል ለብልቦታል፣ ወይ ጥፋት አጥፍቶ ተገርፎበታል። «በሳማ ነው የምለበልብህ!» የሚለው ማስፈራሪያ ብቻውን ስንቱን ልጅ ጨዋ አድርጎታል። ቃሉ ደግሞ ለቅኔ የተመቸ ነው። «ሳማ» እና «መሳም» በድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሰም እና ወርቅ ለሚወድ ሰው፣ የሚያቃጥል ቅጠል የመሳም ድምፅ ይዞ መገኘቱ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በኦሮምኛ «ዶቢ» ይባላል።

ሳይንስ ያወጣለት ስም ኡርቲካ ሲመንሲስ ነው፤ «የሰሜኑ ሳማ» እንደ ማለት። ሰሜን የተባለው የሰሜን ተራራ አገር ነው። በሌላው ዓለም የሳማ ዘመዶች በብዛት አሉ፤ ይሄኛው ግን የኢትዮጵያ ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን የአገራችንን ቅጠላ ቅጠል እየለቀሙ ያደርቁና ወደ አገራቸው ይልኩ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ዋነኛው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ቅጠሉ በላቲን ስሙ መጽሐፍ ገባ። ቅጠሉን አብስላ ልጆቿን ያሳደገችው ሴት ግን እንኳን በላቲን በግዕዝም አልተጻፈች።

ማቃጠሉ እንዴት ነው? በቅጠሉና በግንዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ባዶ መርፌዎች ናቸው። ጫፋቸው እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው፤ ቆዳ ሲነካቸው ይሰበሩና ውስጣቸው ያለውን ፈሳሽ ይወጋሉ። በፈሳሹ ውስጥ ሂስታሚን እና አሴቲልኮሊን የተባሉ ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን ተመራማሪዎች ያረጋገጡት ባለፈው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ በአውሮፓው ሳማ ነው። ፀጉሮቹ ታሽተው ከተሰባበሩ ወይም ሙቀት ካገኛቸው ግን መርዙ ያበቃል። ይህንን የደጋ ሴቶች ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለጋው ቀንበጥ ብቻ ይመረጣል፤ ያረጀው ቅጠል ይሻክራል። እጅ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ዛሬ ፌስታልም ያገለግላል። የተለቀመው ቅጠል እየታሸ ፀጉሩ ይራገፍና ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ፈልቶ በሚጠብቀው ውኃ ውስጥ ይገባል። እስኪልም ተቀቅሎ በማማሰያ ይመታል፤ እንዲይዝ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት ይነሰነስበታል። ከዚያ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከተገኘም ቃሪያ። በገብስ እንጀራ ወይም በቂጣ ይበላል። ቀለሙ ከጎመን ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን ይለሰልሳል። ልብ በሉ፤ ቅቤ አልጠራሁም፣ ዘይትም አልጠራሁም። ይህ ወጥ የተፈጠረው ሁለቱም በሌሉበት ቤት ነው።

ወቅቱም ይናገራል። ሳማ የሚለመልመው ክረምት ሲገባ፣ ጎተራው ሲራቆት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና ሣር የሆነበት ጊዜ ነው። እሸት እስኪደርስ ቤተሰብን ከመስከረም የሚያሻግር ነገር ያስፈልጋል፤ ሳማ ደግሞ አይዘሩት፣ አያርሙት፣ ግብር አይከፍሉበት።

ከተራው ክረምት አልፎ ደግሞ ክፉ ቀን አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ማለቴ ነው። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ አገሩን ጠረገው፤ ከከብቱ እስከ 90 በመቶ የሚሆነው አልቋል ተብሎ ይገመታል። በሬ ሞተ፣ እርሻ ቆመ፣ ድርቁና ተምቹ ተጨመረበት። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ይነገራል። ሰው የዱር ሥርና ቅጠል ለቅሞ ነበር ነፍሱን ያቆየው። እንዲህ ባለው ዘመን የትኛው ቅጠል ይበላል፣ የትኛው ይገድላል የሚለው ዕውቀት ከወርቅ ይበልጣል። ዕውቀቱ የነበረው ደግሞ በሊቃውንቱ ብራና ላይ ሳይሆን በእናቶች እጅ ነው።

ታዲያ ይህ ባለውለታ ቅጠል ለምን ያሳፍረናል? «ሳማ በልቶ ያደገ» ማለት ለምን ምስጋና አይሆንም? ወደ ገዳም ብንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። የዋልድባ መነኮሳት እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ከሙዝ የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው። በየገድሉም ቅጠልና ሥራ ሥር እየበላ የኖረ ጻድቅ ሞልቷል። ቅጠሉ በመነኩሴው እጅ ሲሆን ተጋድሎ፣ በደሃዋ እጅ ሲሆን ውርደት! ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ መርጦ ነው የበላው፣ ሌላዋ ምርጫ አልነበራትም። እኛ ግን ምርጫ ላሳጣት ሳይሆን ለእሷ አፈርንላት። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ የሳማው ድስት ተሸሸገ።

ሌላው ዓለም ከሳማው ጋር እንዲህ አልተኳረፈም። እንግሊዛዊው ባለ ማስታወሻ ሳሙኤል ፒፕስ እ.ኤ.አ. በ1661 የሳማ ገንፎ መብላቱንና እንደጣፈጠው ጽፏል፤ ሰውየው የመንግሥት ሹም እንጂ ለማኝ አልነበረም። ቲቤቶች ደግሞ ሚላሬፓ የተባለው መናኛቸው ሳማ ብቻ ከመብላቱ የተነሣ ገላው አረንጓዴ ሆነ ይላሉ፤ በሥዕልም አረንጓዴ አድርገው ይስሉታል። ያልተሸሸገ ድስት ሥዕልና ጽሑፍ ይሆናል።

መድኃኒትነቱስ? እኛ ዘንድ ለጨጓራ የሳማ ወጥ የሚያዘው ብዙ ነው። በአውሮፓው ሳማ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ አገር የአውራ ጣት መጋጠሚያቸው የሚያማቸው 27 ሰዎች ሕመሙ ያለበትን ቦታ በሳማ እንዲለበልቡ ተደርጎ፣ ከማይለበልበው ቅጠል የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። ሥሩም ለፕሮስቴት ችግር ተሞክሯል። ይህ ሁሉ ተስፋ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ 27 ሰው ጥቂት ነው፣ የአውሮፓው ሳማም የእኛው አይደለም። ቅጠሉ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሳማ ባያበዛ ይሻለዋል። ደም የሚያስተፋውን ጨጓራ በወጥ አድናለሁ ብሎ ቤቱ የሚተኛም ቢኖር፣ ሳማው አይደለም ጥፋተኛው።

ዛሬ በከተማው «ሳማ ካልሲየም አለው፣ ብረት አለው» የሚል ወሬ በርትቷል። እውነት ነው፣ አለው። ደስም ይላል። ግን የማልወደው ነገር አብሮ እንዳይመጣ እሰጋለሁ፤ ይኸውም «ድሮ ሰው ቅጠል በልቶ ጤነኛ ነበር» የሚለው ተረት። «ጎመን በጤና» ያለው ሰው ጎመንና ጮማ ፊቱ ቀርበውለት መርጦ ይሆናል፤ በነሐሴ ሳማ የለቀመችው እናት ግን የመረጠችው በሳማና በባዶ ድስት መካከል ነው። ቅጠሉን እያከበርን ረሃቡን ማሳመር የለብንም።

ሳማ በረት አጠገብ፣ አጥር ሥር፣ የፈረሰ ቤት ላይ ይወዳል፤ ሰውና ከብት ያዳበሩትን መሬት ይሻል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም እዚያው ይበቅላል። በደጋው ስትሄዱ ባዶ ሜዳ ላይ ሳማ በዝቶ ብታዩ፣ ምናልባት ሰው የኖረበት ይሆናልና ማን እንደነበረ ጠይቁ። በየቤቱም ይህንን ወጥ መሥራት የሚያውቁ አሮጊቶች ዛሬም አሉ። ሳይሸሽጉ እንዲነግሩን ከፈለግን፣ መጀመሪያ እኛ ሳናፍር እንጠይቃቸው።