ባለቤት የሌለው ቋንቋ፦ የሃስክል አመጣጥ

በዚህ አጭር ጥናት ሃስክል የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ከምን ዓይነት ስብሰባ እንደ ተወለደ እንመለከታለን። ይህ ቋንቋ ፕሮግራምን በሒሳብ ፈንክሽን መልክ የሚያስጽፍ ነው፤ ይኸውም አንድ ፈንክሽን ለአንድ ዓይነት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምን ጊዜም ያው ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 1987፥ በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ፥ የዚህ ሙያ ሊቃውንት ለጉባኤ ተገናኙ። በዚያን ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ከ12 በላይ ቋንቋዎች ስለ ነበሩ፥ የሁሉም ድካም ተበታትኖ ነበር። ስለዚህ አንድ የጋራ ቋንቋ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተስማሙ።

ኮሚቴው መነሻ ሊያደርግ ያሰበው የዴቪድ ተርነርን ሚራንዳ ነበር። ተርነር ግን ቋንቋው በየእጁ እየተለወጠ እንዳይከፋፈል ስለ ፈለገ አልፈቀደም። አሳቡ ምክንያት የሌለው አይደለም፤ ኮሚቴው ግን ማንም ሊሠራውና ለወደደው ሊያድለው የሚችል ቋንቋ ይሻ ነበር። ስለሆነም የራሱን ነደፈ፤ የመጀመሪያው መግለጫ ኤፕሪል 1 ቀን 1990 ወጣ። የነፃነቱ ዋጋ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የፈጀ ክርክር ነበር።

በ2010 በስዊስ አገር በዙሪክ የተጀመረው ዙሪሃክ፥ የሃስክል ወዳጆችን ያለ መግቢያ ክፍያ ያሰባስባል። ጀማሪው ከሊቁ አጠገብ ተቀምጦ ይሠራል። እኛ ይህን እንደ ችሮታ አንቈጥረውም፤ በፖርትላንድ የተጀመረው አሳብ ፍሬ ነው እንላለን። መሣሪያው የአንድ ሰው ንብረት ቢሆን ኖሮ፥ ጀማሪው የሚገባው በእንግድነት እንጂ በባለቤትነት ባልሆነም ነበር።