ከለገሀር እስከ አውቶቡስ ተራ፦ ጣቢያና ገበያ በአዲስ አበባ

የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት የመርካቶ ሰፈር የሚነግደውና የሚገበየው ሕዝብ ዛሬ ከሰባተኛ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወይም ከጎጃም በረንዳ ጣቢያ በቀላል ባቡር ይሳፈራል፤ መስመሩ አዲስ ይሁን እንጂ ገበያው ከባቡር ጋር ያለው ቁርኝት ግን ከራሱ ከመርካቶ አመሠራረት ጀምሮ የነበረ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ሲያቋቁሙ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ሸቀጥ በለገሀር የባቡር ጣቢያ ከፉርጎ መራገፍ ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር።

ያ የምድር ባቡር የተወለደው በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል፣ ማለትም መስመሩን የመዘርጋትና የማስተዳደር መብት በሚያስገኝ ስምምነት ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ በመክሰሩና ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በመስመሩ ላይ በነበራቸው ፉክክር ምክንያት ለዓመታት ተገታ። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውሉን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ሦስት ዓመት ቀድመው በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ስለነበር የደከሙበትን ሳያዩት ቀርተዋል።

መዲናይቱ የሚመጥናትን ጣቢያ ለማግኘትም ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባት። ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ ስሙን የወረሰው የለገሀር ሕንፃ፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት ፖል ባሪያ በነደፈው መሠረት ተሠርቶ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ግራና ቀኙ የተመጣጠነው ባለ ፎቅ ሕንፃ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ የቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የሚመለከት በመሆኑ፣ ከባቡር የወረደ መንገደኛ የጣቢያውን በር እንዳለፈ ከተማዋ ወደ ኮረብታው ስትወጣ ከፊት ለፊቱ ያያት ነበር። በዓመቱ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በአደባባዩ ላይ ቆመ፤ ወራሪው ጣሊያን ሐውልቱን ወደ ሮም ወስዶት ከነፃነት በኋላ ቆይቶ ተመልሷል።

አሮጌው መስመር በእርጅናና በጥገና እጦት ተዳክሞ ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቆመ። ተተኪው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የመዲናይቱ ጣቢያ የሆነው ለገሀር ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለው ለቡ ነበር። ሰፊ ቦታ ለሚሻው ጭነት ውሳኔው አግባብነት ቢኖረውም መንገደኛውን ግን በድሏል፤ የመርካቶ ነጋዴ ድሬዳዋ ለመሄድ ሲነሣ በቅድሚያ ከተማውን በታክሲ አቋርጦ ለቡ መድረስ ይጠበቅበታልና።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር፣ ይኸውም በከተማ ውስጥ በአጭር ርቀት እየቆመ ሰው የሚያመላልስ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ የሰሜን–ደቡብ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ መርካቶን አቋርጦ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ሁለተኛው መስመርም ጥቅምት 29 ቀን ተከተለ። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ሲሄዱ ለገሀር ላይ ስለሚቆሙ፣ ከ2 እስከ 6 ብር በነበረው የመጀመሪያ ታሪፍ ሸማቹ ከሰባተኛ ተነሥቶ አሮጌው ጣቢያ አጠገብ ይወርድ ጀመር። ስለዚህም ለገሀር ዛሬ የየዕለት ተመላላሽ ጣቢያ ሆኖ ቀጥሏል፤ ጉድለቱ ቀላል ባቡሩ ለቡ ድረስ አለመዝለቁ ነው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ኢግል ሂልስ የተባለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኩባንያ በለገሀር በ36 ሄክታር ላይ የመኖሪያና የንግድ መንደር ለመገንባት የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጥ፣ ታሪካዊው ሕንፃ ተጠብቆ እንደሚቆይ ተነግሯል። ይህ ቃል ሊከበር ይገባል፤ ነገር ግን ሕንፃው በረጃጅም ፎቆች መካከል ለጌጥ ብቻ ከቆመ ጥበቃው ጎዶሎ ነው። የከተማው አስተዳደርና የምድር ባቡር ኃላፊዎች የቀላል ባቡሩን ሐዲድ ከለቡ ጋር እንዲያገናኙ፣ የ1922ቱን ሕንፃም ትኬት የሚቆረጥበትና መንገደኛ የሚያርፍበት ጣቢያ አድርገው ለሕዝብ እንዲመልሱ ሊጠየቁ ይገባል።