ካንዴላና የጨርጨር መንገድ

ታሪክ ሲባል ዓይናችን ወዲያው የሚሮጠው ወደ ዙፋንና ወደ ጦር ሜዳ ነው። ዳሩ ግን ታሪክ ጥላሸት በቀባው ሞተር ውስጥም ይገኛል። ከቤንዚን መኪና ተፈትታ መዳፍ ላይ የምታርፍ አንዲት ካንዴላ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ማን እንደመጣ፣ ምን ጥሎ እንደሄደ ልትነግረን ትችላለች። እንዴት ቢሉ ከስሟ እንነሣ።

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፈረንሳዮችም ይህችኑ ዕቃ ቡዢ ይሏታል፤ ትርጉሙ ያው ሻማ ነው። ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በጨርጨር ግርጌ ከጣሊያን በፊት የደረሰው የፈረንሳዮች ባቡር ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በሚኤሶና በአሰቦት አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ለገሃርን፣ ሾፌርንና ጋራዥን የሰጠን ፈረንሳይኛ ከሆነ ቡዢ የት ቀረች?

መልሱ ያለው በሞተሩ ሥራ ላይ ነው። የዚያን ጊዜው ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ነው፤ እሳቱ በምድጃ ይነዳል እንጂ ብልጭታ አያሻውም። በኋላ የመጣው የናፍጣ ባቡርም አየሩን ጨምቆ በማጋል ነዳጁን ያቀጣጥላል፤ ካንዴላ ብሎ ነገር አያውቅም። ካንዴላ የቤንዚን ሞተር ዕቃ ናት። ሌኗር የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1860 በሠራው የጋዝ ሞተር ላይ ብልጭታ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ የቦሽ ድርጅት መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ካንዴላን ከከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶ ጋር አጣመረና ለመኪና የምትመች አደረጋት። አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ የቀረበው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው።

አሰበ ተፈሪን በ1910ዎቹ ዓ.ም. የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉትና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሰው ናቸው። ከተማዋን የተከሉት ሐዲዱ ዳር ሳይሆን ከሚኤሶ 500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በደጋው አፋፍ ላይ ነው። ባቡር ዳገቱን አይወጣም። ለአሰበ ተፈሪ፣ ለሂርና፣ ለበዴሳ፣ ለገለምሶ የሚደርስላቸው በቅሎ ነው፤ ቀጥሎም መኪና።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ገባ። የከተማዋን ስም ቆርጦ ተፈሪ የሚለውን አወጣና በሊቶሪዮ አርማው ስም ሠየማት። ይህ ስም አምስት ዓመት ኖሮ በ1933 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋር ወደቀ። ዛሬ ከተማዋ ጭሮ ነች፤ የፋሺስቱን ስያሜ የሚያነሣ ሰው የለም። በትእዛዝ የተለጠፈ ስም እንዲህ ነው። ከዚያው ሥር የበቀለችው ሊቶሪና ግን በሐዲድ ላይ ሰው ስላመላለሰች ስሟ በሕዝብ አፍ ቀረ። ካንዴላም፣ ፍሬንም፣ ፍሪሲዮንም፣ ጎማም፣ ካቻቢቴም እንደዚሁ ቀሩ። ከነዚህ ቃላት ጥቂት የማይባሉት ከአሥመራ በኩልም መጥተዋል። ከ1933 በኋላ ጋራዥ ከፍተው ከቀሩ ጣሊያኖች ሥር የሠራ ወጣት ሙያውን ሲወርስ ቃሉንም አብሮ ወረሰ። ቃሉን የያዘው ገዥውን ወዶ አይደለም፤ መኪናው መነሣት ስላለበት ነው።

ሙያውስ ምን ነበር? ከጓሮው መኪና አቁሞ ካንዴላ የሚፈትሽ ሰው መጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይታገሣል፤ በትኩሱ ከፈታ የቴስታታው ጥርስ ሊላጥ ይችላልና። አቧራው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ ዙሪያውን ያጸዳል። ገመዱን ሳይጎትት ቆቡን ይዞ ይነቅላል፤ ተራቸው እንዳይምታታም አንድ በአንድ ይሠራል። ከዚያ ያነባታል። ጫፏ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። በዘይት ከራሰች የፒስተን ቀለበት ወይም ቫልቭ አርጅቷል። ነጥታ ከተቃጠለች ሙቀቱ ከልክ አልፏል። አዲሲቱን ሲያስገባ ክፍተቷን ይለካል፤ እንደ መኪናው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። በጣቱ አሽከርክሮ እስክትቆም ያስገባትና፣ አዲስ ባለቀለበት ከሆነች በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ያጠብቃታል። በኃይል የታገለ ሰው ቴስታታውን ያበላሻል።

ጨርጨር ደግሞ የራሱን ትምህርት ጨመረበት። ካርቡራተሩ በአዋሽ ቆላ የተስተካከለ መኪና 1,800 ሜትር ገደማ ወዳለችው ጭሮ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላዋም ትጠቁራለች። ቁሉቢ ሲደርስማ ይብሳል። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ዳገቱን በካንዴላዋ ቀለም ላይ ያነበዋል።

ይህ ዘመን እያለቀ ነው። የጨርጨርን ጫት የሚያጣድፉት አይሱዙዎች ናፍጣ ናቸው። በሚኤሶ የሚያልፈው አዲሱ ባቡር፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ባጃጁና አሮጌው ቶዮታ እስካሉ ቃሏ ትኖራለች፤ እነሱ ሲያልፉ ግን ካንዴላ ቅርስ ትሆናለች።

ዕቃውስ ይለፍ፤ የመጣ ሁሉ ያልፋል። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ሳይጻፍ ማለፉ ነው። የሊቶሪዮን ስም ወረቀት መዝግቦታል፤ የጠቆረችውን ካንዴላ አይቶ የሞተሩን ሕመም የሚናገረውን የሂርና መካኒክ ግን ማንም አልመዘገበው። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንወርድ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ ጋራዡ እንጎራ በሉ። ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚነግረን ነገር አለው።