የጓሮ ኩሬ ዋቅላሚ

የጓሮ ኩሬ ዋቅላሚ (አልጌ) በግቢ ወይም በአትክልት ስፍራ በተሠራ ኩሬ ውስጥ የሚራባ፣ እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌለው፣ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጅ ዘአካል ነው። በመጠኑ ሲሆን ለዓሣና ለጥቃቅን የውሃ እንስሳት ምግብ ይሆናል። ሲበዛ ግን ውሃውን ያደፈርሳል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ዓሣዎችንም በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል። መብዛቱ በውሃው ውስጥ ንጥረ ምግብ መከማቸቱን ስለሚያመለክት፣ ዋቅላሚውን ብቻ ማስወገድ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

ዓይነቶች

በጓሮ ኩሬ በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት ናቸው።
- ተንሳፋፊ ዋቅላሚ፦ በዓይን የማይታዩ ነጠላ ሕዋሳት ሲሆኑ ውሃውን አረንጓዴ ያደርጉታል። ከጥቃቅንነታቸው የተነሣ በተራ ስፖንጅ ውስጥ ያልፋሉ።
- ክር መሰል ዋቅላሚ፦ ድንጋይና ተክል ላይ እንደ ፀጉር የሚበቅል ሲሆን ፓምፕና ማጣሪያ የሚደፍነው በአብዛኛው ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ ከዋቅላሚ ጋር የሚቆጠረው ሳይኖባክቴሪያ በእርግጥ የባክቴሪያ ወገን ነው። አንዳንድ ዝርያዎቹ ለሰውና ለእንስሳት መርዛማ ናቸው።

መንስኤ

ዋቅላሚ ለመራባት ብርሃን፣ ሙቀትና ንጥረ ምግብ፣ በተለይም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ወደ ኩሬው የሚገቡት ከዓሣ ኩስ፣ ከተረፈ የዓሣ ምግብ፣ ከሚበሰብስ ቅጠልና በዝናብ ታጥቦ ከሚመጣ ማዳበሪያ ነው። አዲስ ኩሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረንጓዴ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ንጥረ ምግቡን የሚሻሙት ተክሎች ገና አላደጉምና።

ጉዳት

ዋቅላሚ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይጠቀማል። በመሆኑም በውሃው ያለው ኦክስጅን በጣም የሚቀንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣዎች ማለዳ ላይ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ቢከፋፍቱ የኦክስጅን እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ሚሊግራም ገደማ፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ይህ መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል።

የማጣሪያ መደፈን

የኩሬ ማጣሪያ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቆሻሻን መያዝ ነው። ሁለተኛው በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ማደሪያ መሆን ነው። ባክቴሪያዎቹ ከዓሣ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ግን ለዋቅላሚ ምግብ ስለሆነ፣ ማጣሪያ ብቻውን ዋቅላሚን አያጠፋም።

ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ሲቀንስ ወይም ውሃው በጎን ሲፈስ መደፈኑ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ስፖንጁን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ወይም በሳሙና አጥቦ ማጽዳት ነው። ይህ ባክቴሪያውን ስለሚገድል አሞኒያ ይከማቻል፤ ዓሣውም ይታመማል። ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው፦
1. ፓምፑ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል።
2. ከኩሬው ውሃ በባልዲ ተቀድቶ ስፖንጁ በዚያ ውስጥ ይጨመቃል።
3. በአንድ ጊዜ ግማሹ ብቻ ይታጠባል፤ ሌላው ከሳምንታት በኋላ ይታጠባል።
4. ቆሻሻው ውሃ ወደ ኩሬው አይመለስም፤ ለአትክልት ማጠጫ ይሆናል።

መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ፓምፑ እንደገና ከመነሣቱ በፊት በማጣሪያው የተጠራቀመው ውሃ መደፋት አለበት።

መከላከያ

- ዓሣዎች በጥቂት ደቂቃ በልተው ከሚጨርሱት በላይ ምግብ አይሰጣቸውም።
- የወደቀ ቅጠልና የታች ዝቃጭ በየጊዜው ይወጣል።
- ከውሃው ገጽ ግማሽ ያህሉ እንደ ውሃ ሊሊ ባሉ ተክሎች ይጠለላል።
- ክር መሰል ዋቅላሚ በእንጨት ተጠቅልሎ ይወጣል።
- ተንሳፋፊውን ለማጥፋት ውሃው በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር እንዲያልፍ ይደረጋል። መብራቱ ድንጋይ ላይ በተጣበቀው ክር መሰል ዋቅላሚ ላይ አይሠራም።

የኬሚካል ማጥፊያ ፈጣን ቢሆንም አደጋ አለው። በአንድ ጊዜ የሞተው ዋቅላሚ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ንጥረ ምግቡም ወደ ውሃው ይመለሳል።

እምቦጭ ንጥረ ምግብን በፍጥነት ስለሚስብ በብዙ አገሮች ለኩሬ ማስዋቢያ ሲሸጥ ቆይቷል። ከኩሬ አምልጦ ወንዝና ሐይቅ ስለሚወር ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክሏል። በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰው ጉዳትም ይታወቃል።

በኢትዮጵያ ሐይቆች

ተመሳሳይ ክስተት በትልልቅ የውሃ አካላትም ይታያል። በቆቃ ግድብ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ የተባለ መርዛማ ሳይኖባክቴሪያ በብዛት ሲራባ ታይቷል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ደግሞ ለምግብነት የሚውለው ስፒሩሊና የተባለው ሳይኖባክቴሪያ በሚሰጠው ቀለም ይታወቃል።