የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ታሪክ

  

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ሜዳ ነው። «ኳስ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? የልጆች ሩጫ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ታሪክስ አለው። ታሪኩም ከትምህርት ቤት ግቢ ይነሣል።

ይህን ርዕስ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። የወላጆች ስብሰባ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ይህ ሁሉ መሬት ባዶውን ለምን ይቀመጣል? ማሽላ ቢዘራበት አይሻልም ወይ?» ይባላል። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ለገበሬ መሬት ሕይወቱ ነው፤ ጦሙን ሲያድር ማየት አይወድም። ስለዚህ ጥያቄው ቁጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል። እስቲ መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ከሩር እስከ ኳስ

የገና ጨዋታን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ወገን ሆኖ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩሯን እየመቱ መጫወት በአገራችን የቆየ ነው። ያ ጨዋታ ግን ልኩ የታወቀ ሜዳ አልነበረውም። የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። ደንቡ በቃል የሚነገር ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በእንግሊዝ አገርም ኳስ እንዲሁ ነበረች። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ደንብ ነበረው። በአንዱ ትምህርት ቤት ኳሷን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ በሌላው ይከለከላል። ልጆቹ አድገው ካምብሪጅ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ አብረው መጫወት አቃታቸው። እያንዳንዱ «የእኔ ደንብ ነው ትክክሉ» ይላል። በመጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ከየትምህርት ቤቱ የመጡት ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ የጋራ ደንብ በወረቀት ጻፉ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ለንደን ላይ የእግር ኳስ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕግም አወጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የኳስ ሕግ ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያስማማቸው ጽሕፈት ነው። የተጻፈ ነገር አይረሳም፤ ጉልበተኛም እንደ ልቡ አይለውጠውም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኳስ በአገራችን

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በአዲስ አበባ ከሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች መካከል አርመኖችና ግሪኮች የየራሳቸው የኳስ ቡድን ነበራቸው። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ወጣቶች ደግሞ የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። ስሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠቀሳሉ። ቡድኑ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያ የወረራ ዘመን በኳስ ሜዳ እንኳ ጥቁርና ነጭ ተለየ።

አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከጣሊያኖችና ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ጋር ተወዳደረ። ያን ዓመት ዋንጫውን የወሰዱት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። የእኛ ልጆች ግን «ተሸነፍን» ብለው ኳሱን አልተዉትም።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የታወቁት ሰው ናቸው። ይድነቃቸው በጅማ ተወለደ። አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ። ያ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1917 ዓ.ም. ነው። ይድነቃቸው ገና ልጅ ሳለ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገባ፤ ብዙ ዓመትም ተጫወተ። ኋላ አሠልጣኝ ሆነ። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። የትምህርት ቤት ልጅ የአህጉር መሪ ሆነ ማለት ነው።

ኮንፌዴሬሽኑ የተቋቋመው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ተደረገ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጥቁርና ነጭ አብረው የሚጫወቱበት ቡድን አልልክም ስላለ ከውድድሩ ወጣ። በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች።

አምስት ዓመት አለፈ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ ለዋንጫ ዳግመኛ ተገናኙ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ግብፅ አስቀድማ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ግብፅ ደገመች። መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ጎል አገባ። 2 ለ 2 ሆነ። 30 ደቂቃ ተጨመረ። በተጨመረው ጊዜ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አገባ። በመጨረሻ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመረ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች።

ሴቶችም ወደኋላ አልቀሩም። ሉሲ የሚባለው የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን በ1997 ዓ.ም. መስከረም ደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ወጣ። እንግዲህ «ሴት ልጅና ኳስ ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ማሳና ጎተራ

ታዲያ ይህ ሁሉ ከእኛ ትምህርት ቤት ሜዳ ጋር ምን ያገናኘዋል? ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘዋል።

ከቆቦ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ወልዲያን ታገኛላችሁ። ወልዲያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስም የተሰየመ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ 25 ሺህ ተመልካች እንዲይዝ የተሠራ ነው። ያማረ ሥራ ነው። ነገር ግን ማንም ልጅ ኳስን በስታዲየም አይጀምርም። ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ በሰፈርና በትምህርት ቤት ግቢ ይጀምራል።

ስታዲየም ጎተራ ነው። የትምህርት ቤት ሜዳ ማሳ ነው። ማሳ የሌለው ሰው ትልቅ ጎተራ ቢሠራ ምን ይከትበታል? ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጦሙን ያደረ መሬት አይደለም። አዝመራው ልጆች ናቸው።

ሜዳው ስንት ነው?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በኳስ ሕግ የሜዳ ርዝመት ከ90 እስከ 120 ሜትር ነው። ወርዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር ነው። በትልልቅ ውድድር የተለመደው 105 በ68 ነው። ይህ ወደ 7 ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል። በእናንተ አለካክ አራቱ ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ካልን፣ ሜዳው ሦስት ጥማድ አይሞላም። ትንሹ ሜዳ ደግሞ ከአንድ ጥማድ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። የጎሉ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ቀጥ ያለ ግንድና አንድ አግዳሚ ካገኛችሁ ጎሉ ተሠራ ማለት ነው።

አሁን ሌላ ሒሳብ። የሜዳው ወርድ 68 ሜትር ነው እንበል። ከዳሩ የሚያርስ ሰው በየዓመቱ 2 ሜትር ብቻ ይገፋል። «ሁለት ሜትር ምን አላት?» ይባላል። በ12 ዓመት 24 ሜትር ይሄዳል። የቀረው 44 ሜትር ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ቢያንስ 45 ነው። አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ሜዳው ሜዳ መሆኑ አበቃ። ማንም አልዘረፈው፤ ማንም አልተጣላበት። በፈር በፈር አለቀ።

ሥልጠናው

ሜዳ ብቻውን ተጫዋች አያወጣም። ሥልጠና ያስፈልጋል። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ስንማር «ዕቃ የለኝም» ማለትን እንድንተው ተመክረናል። አንድ መምህር 40 ልጆችና አንድ ኳስ ቢኖሩት ልጆቹን በአራት ይከፍላል። አንዱ ቡድን ይሮጣል። ሁለተኛው ገመድ ይዘላል። ሦስተኛው በጨርቅ ኳስ መቀባበል ይለማመዳል። አራተኛው በእውነተኛው ኳስ ይጫወታል። በየ10 ደቂቃው ይቀያየራሉ። በ40 ደቂቃ ሁሉም ሁሉን ሠርቷል፤ ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ የለም። በመጀመሪያ ሰውነት ይፍታታል፤ በመጨረሻ ቀስ እያሉ ያበርዳሉ። ሰውነቱን ሳያሟሙቅ የሚሮጥ ልጅ ጅማቱ ይጎዳል።

የእኛ አገር ቆላ ነው። ስለዚህ ልምምዱ በማለዳ ወይም ፀሐይዋ ስትበርድ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ልጆችን ማስሮጥ ሕመም ያመጣል። የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ከሜዳው አይጥፋ። ሴት ልጆች ማለዳ ውኃ ቅጂ ከተላኩ የሚለማመዱበት ሰዓት አያገኙም። እናቶችና አባቶች፣ ሥራውን ለወንዱም ለሴቷም አካፍሉ።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ይወርዳል። ለማሽላው በረከት ነው፤ ሜዳውን ግን ይቦረቡረዋል። ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ መምራትን ለራያ ገበሬ ማን ያስተምረዋል? ያንኑ ጥበብ ለሜዳው አውሉት። ከላይ በኩል መጥለፊያ ቦይ ይቆፈር። የተቦረቦረው በአፈር ይደልደል። ድንጋዩና እሾሁ ይለቀም፤ ብዙ ልጅ የሚጫወተው በባዶ እግሩ ነውና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ቀን በደቦ ከወጣችሁ ሥራው ያልቃል።

በወረቀት ይስፈር

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ደንባቸውን በወረቀት ባያሰፍሩት ኖሮ ኳስ ዛሬም የጭቅጭቅ ጨዋታ በሆነ ነበር። የሜዳችሁም ነገር እንደዚያው ነው። ድንበሩን በቃል የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሲያልፉ እውቀቱም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ሜዳውን ለኩት። በአራቱም ማዕዘን የምልክት ድንጋይ ይተከል። ርዝመቱና ወርዱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በቀበሌው ይቀመጥ። ስትፈርሙም አንብባችሁ ፈርሙ። ትናንት ሌላ ሰው ባነበበው ወረቀት ላይ የጣት አሻራ ታደርጉ ነበር። ዛሬ ግን «ወርዱ 68 ሜትር» የሚለውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። 68 የነበረው 60 ተብሎ ቢጻፍ «ቆይ፣ ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» የምትሉት እናንተ ናችሁ።

ለመወያያ

1ኛ. የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ርዝመቱና ወርዱ ስንት ሜትር ነው? ወጥታችሁ በእርምጃ ለኩት። አንድ የዐዋቂ እርምጃ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። 105 ሜትር 140 እርምጃ ይሆናል።

2ኛ. ድንበሩ በጽሑፍ ሰፍሯል? ወረቀቱስ የት ይገኛል?

3ኛ. ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ማን ቦይ ይቆፍራል? ማን ድንጋይ ይለቅማል? ስማችሁን ራሳችሁ ጻፉ።

ደኅና ሁኑ።