ከተማችንን ያቃጠለው ንጉሥና የግቢያችን ስም

ማራኪ ግቢ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሳለሁ፣ ቴዎድሮስ ግቢ ያሉ ጓደኞቼን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያስዘረፈና ያቃጠለ ንጉሥ፣ እዚችው ጎንደር ላይ የግቢ ስም ሆኗል። ማንም ግን አይከፋውም። እኔም አልከፋኝም። እንዲያውም ስሙን ስጠራ ደረቴ ይነፋ ነበር። ይህን ስሜት ከየት አመጣሁት? ከታሪክ መጽሐፍ ነው ብዬ ብናገር ዋሸሁ። ያመጣሁት ከልቦለድና ከቲያትር ነው።

ለእረፍት ቤት ስመለስ የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ እንባ» ይዤ ሄድኩና ለአያቴ አነበብኩላት። ብርሃኑ የጎንደር ተወላጅ ነው፣ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቤተሰቦቿ ግን እዚህ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ፣ አለቀሰችም። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብላ «አንተ ልጅ፣ የሱ እንባስ ተጻፈለት። ያስለቀሳቸውስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ስለ ጽሑፍና ታሪክ ዝምድና ስንማር ጥያቄዋ አብሮኝ ክፍል ገባ። አርስቶትል ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን፣ ባለቅኔ ሊሆን የሚችለውን ይናገራል ብሎ ሁለቱን ለያየ። አሜሪካዊው ሄይደን ኋይት ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ታሪክ ጸሐፊውም ቢሆን የሆነውን ነገር እንደ ደራሲ መነሻና መድረሻ ሰጥቶ በሴራ ያዋቅረዋል አለ። መጀመሪያ ስሰማው የፈረንጅ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። በቴዎድሮስ ላይ ስሞክረው ግን ልክ ገባ።

እስቲ አብረን እንሞክረው። ትረካውን ከቋራ ጀምሩና ደረስጌ ላይ አቁሙ። ደረስጌ ማርያምን ደጃዝማች ውቤ እዚያ ሰሜን ተራራ ላይ ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ውቤን ድል ነሥቶ፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫነ። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው የያዘው ተረት ነው፦ ደሃ አደጉ ባላባቱን አሸነፈ። እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ እስከ መቅደላና እስከ ሽጉጡ የወሰደው ደግሞ የያዘው የጀግና ሐዘን ነው። ታዲያ 1859 ላይ፣ ጎንደር ስትነድ ያቆመ ደራሲ አለ? እኔ አላገኘሁም። የአያቴ ጥያቄም ይኸው ነበር።

የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው አንድ ዓይነት አልጻፉም። ደብተራ ዘነብ የንጉሡን ዜና መዋዕል በአማርኛ ጻፈ፤ ከዚያ በፊት የነገሥታት ዜና የሚጻፈው በግዕዝ ነበርና ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ንጉሡን ይወዳል፣ ትረካውም መቅደላ አይደርስም። አለቃ ወልደ ማርያም ግን ንጉሡ ከሞተ በኋላ ስለ ጻፉ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጭካኔ አይሸፍኑም። የመጀመሪያውን ሊትማን ፕሪንስተን ላይ በ1902 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛውን ሞንዶን ቪዳይሌ ፓሪስ ላይ አሳተሙት። የኛን ዜና መዋዕል ለማንበብ በፈረንጅ አገር በኩል መዞራችን ሌላ ጉድ ነው፣ እሱን ልተወው።

ኋላ የመጡት ደራስያን ከሁለቱ የሚመቻቸውን መረጡ። ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሰደቡትን ስድብ ገልብጠው ክብር አደረጉት። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ በ1961 ዓ.ም. የወጣው የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ ሁሉም እኚህን ንጉሥ ፈለጉ። ለምን? ዙፋን በሰሎሞን ዘር በሚቆጠርበት አገር፣ በክንዱ የነገሠ ሰው ማንሣት ስለ ራሳቸው ዘመን መናገር ነበር። ስለዚህ «አንድ ለናቱ»ን የሚያነብ ሰው ስለ 1840ዎቹ የሚያገኘውን ያህል ስለ 1960ዎቹ ያገኛል። ሉዊ ሞንትሮዝ የተባለ ሃያሲ ጽሑፍ ሁሉ ታሪክ አለው፣ ታሪክም የሚደርሰን በጽሑፍ ነው የሚለው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ጽሑፍ ታሪክን መተረክ ብቻ ሳይሆን ራሱም ታሪክ ይሠራል። ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላከው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ፤ የናፒየር ጦር መጣ። አንድ ደብዳቤ በጊዜው መልስ ቢያገኝ ኖሮ መቅደላ ምን ትሆን ነበር?

ከኋይት ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ሴራው የደራሲው ነው፣ እሺ። ቃጠሎው ግን የማንም ሴራ አይደለም። ቤት ነደደ፣ ሰው ተሰደደ። ይህን ለክፍል ተማሪዎቼ ስነግር አንዳንዶቹ ቴዎድሮስን የምሳደብ ይመስላቸዋል። አልሳደብም። «የቴዎድሮስ እንባ»ን ዛሬም ባነብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። አያቴም እኮ ያለቀሰችው ከልቧ ነው፤ ጥያቄውንም የጠየቀችው እንባዋ ሳይደርቅ ነው።

እሷ ካረፈች ቆየች። ባለፈው ዓመት ከመሪጌታ አጎቴ ጋር ሆነን ለንደን ያሉትን የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ስናይ አመሸን። እንግሊዞች ከመቅደላ ያወጡትን ምርኮ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንደ ተሸከመው፣ 350 ገደማ ብራናም የብሪቲሽ ሙዚየም እንደ ገባ ነገርኳቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ዳሰሱት።

«ይኼ እኮ የጎንደር እጅ ጽሑፍ ነው! ማነው የወሰደው?»

«እንግሊዞች ናቸው አባባ።»

«እሱንማ ነገርከኝ። መቅደላ ማን አወጣው?»

«ቴዎድሮስ፣ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስቦ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «በል ገጹን ግለጠው፣ እናንብበው» አሉኝ።